የጋሽ ይርጋ ቧንቧና የእኔ ኬብል

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2005

መብራት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠፍቶ አሥር ሰዓት ሲሆን መጣ። ኢንተርኔቱ ግን አልመጣም። ሞደሙ ፊተኛው ቤት ውስጥ መብራቶቹን ሁሉ አብርቶ ተጎልቷል። እኔ ክፍል ያለው ራውተር ደግሞ ምንም አልደረሰኝም ይላል። አንዳቸው ይዋሻል።

መላኩ ሦስት ጊዜ በሬን አንኳኳ። የእማማ አልጋነሽ ልጅ ነው፤ ግቢው የእናቱ፣ ፊተኛው ቤት የእሱ ቢሮ፣ ሥራው የሩዝ ንግድ። እናቱ ፍልሰታ ሲገባ ጣራ ገዳም ለሱባኤ ስለወጡ አሁን በግቢው የሚያዝዘው እሱ ነው። ጎንደር ላለ ደንበኛው ኢሜይል ሊልክ ነበር። "መምህርት፣ እንኳን መብራት ጠፍቶ መብረቅም ቢመታው አይነቃነቅም ብለሽኝ አልነበር?" አለኝ። ብዬው ነበር። ትላንት፣ እዚያው ቢሮው ቆሜ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። ስጽፍ ስህተቴን የማገኝበት ጊዜ አለ።

የስልክ መስመሩ የሚገባው ፊተኛው ቤት ነው፤ ሞደሙም እዚያ ነው። ራውተሩ ያለው ከግቢው ጀርባ፣ እኔ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ከፊት ተነስቶ ወደ እኔ መምጣት አለበት። ከዚያ ደግሞ የቤቱ ኔትወርክ ከእኔ ተነስቶ ወደ ፊት፣ ወደ መላኩ ኮምፒውተርና ፕሪንተር መመለስ አለበት። ሁለት ኬብል ይፈልጋል። መሬት ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ግን ከአንድ በላይ አያሳልፍም። ቪላን (VLAN) የሚባለውን፣ አንዱን ኬብል እንደ ሁለት የሚያሠራውን ዘዴ የተጠቀምኩት ለዚህ ነው። በሁለቱ ጫፍ መስመር የሚያከፋፍሉ ሁለት ትንንሽ ስዊች አስቀመጥኩ፤ ኢንተርኔቱን ቁጥር አሥር፣ የቤቱን ቁጥር ሃያ ሰጠሁና ሁለቱንም በአንዱ ኬብል ሰደድኳቸው። መላኩን በአንድ መኪና የሁለት ነጋዴ ሩዝ እንደመጫን ነው አልኩት፤ ጆንያው ላይ ምልክት እስካለ ድረስ አይደባለቅም። ከተማሪዎቼ ሁሉ ቀድሞ ገባው።

ራውተሩን ለምን ፊተኛው ቤት አላደረግሁትም? ለመላኩ "መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ያለው እኔ ክፍል ስለሆነ ነው" አልኩት። ውሸት አይደለም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወረታ ከመጣሁ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ብቻ የሳልኩትን ነገር አንድ ጊዜ በእጄ ሠርቼ ማየት አማረኝ።

ቧንቧውን ሰኔ ላይ የሠሩልኝ ጋሽ ይርጋ ናቸው። ግቢው መሀል ያለችውን የቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ጠጂቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ሁለት የአሮጌ ውሃ ቧንቧ ቁራጮችን በእሳት አጋጠሙ፣ መጋጠሚያውን በብረት ቀለበት አጠበቁ፣ ቦዩን ራሳቸው ቆፍረው ቀበሩት። ኬብሉንም በሲባጎ ጎትተው ያሳለፉት እሳቸው ናቸው። "ውኃ አይገባው" አሉኝ። ይኸው ክረምቱ ሜዳውን ሁሉ ሐይቅ አድርጎት እንኳ ጠብታ አልገባበትም።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ብረት የሚቀጠቅጡበት መስፍ የሚቆምበትን አዲስ ግንድ ይተክሉ ነበር። በመዶሻ ሲመቱት በመስኮት አያቸዋለሁ። ቧንቧው የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ነጎደ፣ መብራት ጠፋ።

መላኩ ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ "ምን ሆኖ ነው?" ሲለኝ ከወንበሬ ሳልነሳ "ጋሽ ይርጋ ግንዱን ሲተክሉ ኬብሉን ጎድተውት እንዳይሆን" አልኩት። ምንም አልመረመርኩም። አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት። መላኩ ዘወር ብሎ የቆርቆሮዋን ቤት አየ፤ ቆየት ብሎም አየ።

ነገ እመረምራለሁ። ዛሬ ራሴን አሞኛል።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

ኬብሉ ጤነኛ ነው።

ጠዋት መላኩ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ቁልፉን ተቀብዬ ቢሮው ገባሁ። የስዊቹ መብራት አረንጓዴ ነው። ላፕቶፔን ሰክቼ ዝርዝሩን አወጣሁ። ቁጥሮቹ መጀመሪያ ሰኔ ላይ የሰጠኋቸው ናቸው። ሰኞ ያስተካከልኩት አንዱም የለም።

ሰኞ መላኩ አዲስ ኮምፒውተር ስላመጣ መሰኪያዎቹን አዘዋውሬለት ነበር። ሞደሙን ከአንደኛው አንስቼ አራተኛው ላይ አደረግሁት፣ ቁጥሩን ቀየርኩለት፣ ሠራ፣ ሁለታችንም ደስ አለን። አላስቀመጥኩትም። ይኼ ስዊች የነገሩትን መብራት እስካለ ያስታውሳል። አስቀምጥ ካላሉት ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚያውቀው የድሮውን ብቻ ነው። ፊተኛው ቤት ባትሪ የለም። መብራት ሲጠፋ ረሳው። ግንዱም መዶሻውም እዚህ ውስጥ የሉበትም።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ ፈተና ላይ ሥራዋን ሳታስቀምጥ መብራት ጠፋባት። እያለቀሰች መጣች። "ያላስቀመጥሽውን አላርምልሽም" ብዬ ዜሮ ሰጠኋት። የተቀመጠችበት ወንበር ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ማስተካከሉ አራት ደቂቃ ፈጀ። አስቀመጥኩት። ደግሜ አስቀመጥኩት።

ከዚያ እዚያው ቁጭ ብዬ ለመላኩ የምለውን ተለማመድኩ። "መላኩ፣ የእኔ ጥፋት ነው።" አራት ቃል ነው። ሰላሳ ተማሪ ፊት ቀኑን ሙሉ የምለፈልፍ ሴት አራት ቃል አያቅተኝም ብዬ አሰብኩ። መላኩ ገባ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲሠራ ሲያይ ፊቱ በራ።

"የተጎዳውን አገኘሽው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ሳልጠየቅ የወጣ ነው። "ኬብሉ ውስጥ ስምንት ክር አለ፤ የተጎዱትን ትቼ በሌሎቹ አዞርኩት።" እንዲህ ያለ ውሸት መዋሸት የሚችል ሰው ወረታ ውስጥ ከእኔ ሌላ ስንት ይኖራል? ተምሬ ነው የዋሸሁት። መላኩ "አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር" ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ፈገግ ሁሉ ብያለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልብስ ሳሰጣ መላኩ ወደ ጋሽ ይርጋ ቤት ሲሄድ አየሁት። በሩ ላይ ሆኖ "ለፍልሰታ ፍቺ ቤቱን ልቀቁልኝ" አለ።

ጋሽ ይርጋ ቀስ ብለው መዶሻውን አስቀመጡ። "ምን አጠፋሁ?"

"ሽቦውን ሰበርከው። እኔ አይዶለሁም ያልሁ፣ መምህርቷ ናት።"

እትዬ ጠጂቱ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆኖ ብቅ አሉ። ጋሽ ይርጋ ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልዞሩም። እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጀርባ ቆሜያለሁ። ሦስቱም እዚያ መቆሜን ያውቃሉ፣ ማንም አልጠራኝም። አንሶላውን ሳላሰጣው ይዤ ገባሁ።

ፈሪ ነኝ። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ጠዋት ክፍል ገብቼ ስለ ቪላን አስተማርኩ። የክረምት ተማሪዎች ተራው ደርሶባቸው ነው እንጂ እኔ መርጬው አይደለም። አንዱ "መምህር፣ ሁለቱ ተደባልቀው ቢገኙ ጥፋቱ የኬብሉ ነው ወይስ የሰውዬው?" ብሎ ጠየቀኝ። "የሰውዬው" ብዬ መለስኩ። ጠመኔው በእጄ ተሰበረ።

ስመለስ ዝናብ ነበር። ጋሽ ይርጋ በዝናቡ ውስጥ ይቆፍራሉ። በዶማ፣ ከግንዱ ሥር ጀምረው ወደ ቧንቧው። ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፣ በቆርቆሮ ጣሳ ይቀዱታል፣ እንደገና ይሞላል።  የሰበሩት መስሏቸው ሊጠግኑት ነው አልኩ በልቤ።

"መምህርት፣ ይምጡማ" ብለው ጠሩኝ። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው እርስዎ ይሉኛል፤ እስከ ዛሬ ደስ ብሎኝ የምሰማው ነገር ነበር።

ሄድኩ። ቧንቧው ወጥቷል። በነጠላቸው ጫፍ ጭቃውን ጠረጉት። ጭረት የለበትም። ግንዱ ከቧንቧው ሁለት ስንዝር ርቆ ነው የተተከለው። ሲተክሉ ለክተው፣ ቧንቧው የት እንዳለ እያወቁ ነው የተከሉት። ቀለበቱን በጣታቸው አንኳኩ። "ብረቱን ይዩት፣ ምንም አልነካውም" አሉ።  እንድናገር ጊዜ ሰጡኝ። ዝናቡ በጀርባቸው ይወርዳል።

እኔ ምን ብዬ መለስኩ?

"የተጎዳው የውስጡ ነው ጋሽ ይርጋ። ከውጭ አይታይም።"

አዩኝ። ቆጣ ቢሉ በተሻለኝ። "እንግዴህ የውስጡን እርስዎ ነዎ የሚያውቁ" አሉና ጎንበስ ብለው አፈሩን ይመልሱ ጀመር። ስለዚያ ቧንቧ በዓለም ላይ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን በማያውቁት በኩል ዞሬ መታኋቸው።

ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ፤ ከግቢው መሸሽ ስለፈለግሁ እንጂ ሽንኩርት ነበረኝ። ሻጯ ለጎረቤቷ ስታወራ ደረስኩ። "የመምህርቷን ሽቦ ቀጥቃጩ በላው አሉ። መሬት ውስጥ ያለውን ነገር እንኳ አይምር ዓይናቸው።" እኔን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እግዜር ያትርፍሽ እታለም፣ አንቺንም እንዳይነካሽ" አለችኝ። እኔ ያልኩት ግንድ ነበር። በሁለት ቀን ዓይን ሆኖ ተመለሰ። "አይደለም" አልኳት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። ሽንኩርቱን ይዤ መጣሁ።

እትዬ ጠጂቱ ደጅ ስምንት አዳዲስ ድስቶች ተደርድረው ነበር። ለቡሄ የታዘዙ ናቸው። ክረምት ላይ ሸክላ መተኮስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ለሦስት ቀን ብቅ ስትል እንቅልፍ አጥተው ነው የተኮሷቸው። ያዘዙት ሴቶች ዛሬ ተራ በተራ መጥተው "ሌላ ጊዜ እንወስዳለን" ብለው ሄደዋል። ጭራሽ ያልመጡም አሉ።

የማውቀው ይኼ ነው፦
ቤታቸውን ሊለቁ ሰባት ቀን ቀራቸው።
ወረታ ውስጥ ከእንግዲህ ለእነሱ ቤት የሚያከራይ አይገኝም።
ሁሉም ከእኔ አፍ የወጣ ነው።

መላኩን ሊያዝዙ የሚችሉት እናቱ ብቻ ናቸው። ነገ ጣራ ገዳም እሄዳለሁ። የነገውን ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቻለሁ፤ ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ይኼም ውሸት ነው፣ ለነገው እውነት ስል የዋሸሁት።


ዓርብ፣ ነሐሴ 10

በሚኒባስ እስከ አዲስ ዘመን ከተማ፣ ከዚያ በእግር ዳገቱን። ደኑ ጨለም ያለ፣ እርጥብ፣ መንገዱ የሚያንሸራትት። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። በሁለተኛው ጊዜ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ለመመለስ አሰብኩ። ማንም አላወቀም፣ ሱባኤ ላይ ያለ ሰው አይረበሽም፣ ሰኞ ቡሄ ነው፣ ከበዓል በኋላ ይሻላል። ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። ተነስቼ ወጣሁ። ደፍሬ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ስላስፈራኝ ነው።

እማማ አልጋነሽን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካሉት ጎጆዎች አንዱ ደጅ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ሲያዩኝ ደንግጠው "መላኩ ደኅና ነው?" አሉ። ደኅና መሆኑን ነገርኳቸው። ቀጥዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስዊቹን፣ ቁጥሮቹን፣ አለማስቀመጤን፣ ግንዱን፣ ስምንቱን ክር፣ ጉድጓዱን። እንደ ጅል አለቀስኩ። እሳቸው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ይሰማሉ።

"የሽቦሽ ነገር አልገባኝም" አሉ በመጨረሻ። "ይርጋ ነክቶታል?"

"አልነኩትም።"

"አንቺ ነክቶታል ብለሻል?"

"ብያለሁ።"

"እንዳልነካው እያወቅሽ?"

"ማክሰኞ ሳላውቅ። ረቡዕ ግን እያወቅሁ።"

 "መላኩን በይው፣ እኔ እስክወርድ ከግቢዬ የሚወጣ ሰው የለም። ይርጋ ዘጠኝ ዓመት እኔ ጋ ሲኖር ክፉ ወጥቶት አያውቅ።" እፎይ ልል ስል ቀጠሉ። "ግን ለእኔ መንገርሽ ምን ይረባል? ወሬው እዚህ ገዳሙ አልደረሰ። በሰማው ሰው ፊት ነው እንጂ መናገር።"

ተስፋዬ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ይፍቱኝና ልተኛ ብዬ ነበር የመጣሁት። መርቀው ሰደዱኝ፤ ሸክሙን ግን መልሰው አሸከሙኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረታ ገባሁ። ልብሴን ሳልቀይር፣ ከነጭቃዬ የጋሽ ይርጋ በር ላይ ቆምኩ። ብቀይር ድፍረቴም አብሮ ይቀየራል ብዬ ፈራሁ። ነገርኳቸው። ሁለቱም ነበሩ። "ቧንቧዎም ኬብሉም ምንም አልሆነም። የረሳሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።"

"ትላንት አውቄያለሁ" አሉ ጋሽ ይርጋ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ብናገርስ የማንን ቃል ይሰሙ ነበር?"

 እትዬ ጠጂቱ ጣልቃ ገቡ። "አንቺ ብታፍሪ ለአንድ ቀን ነበር" አሉኝ። "ተሳሳትሁ ትያለሽ፣ ይስቃሉ፣ ያልፋል። እኛ ግን ይኼንን ወሬ የትም ብንሄድ ቀድሞን ነው የሚደርስ። ያንን አላወቅሽም?" አውቅ ነበር። አራት ዓመት እዚህ ኖሬ እንዴት አላውቅም። አውቃለሁ አልኳቸው።

ነገ እትዬ ጠጂቱ ድስቶቹን ይፋግ ገበያ ሊወስዱ ነው፤ ወሬው እዚያ አልደረሰም ብለው። "እዚሁ ወረታ ይሁን፣ እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ" አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ጋሽ ይርጋ "ትቀመጥ" አሉ። እትዬ ጠጂቱ እሺም እንቢም ሳይሉ ወጣሁ።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

መጀመሪያ መላኩ።

ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮው ገባሁ። ምንም ሳልል ስዊቹን ከመሰኪያው ነቀልኩት። መልሼ ሰካሁት። አንድ ደቂቃ ጠበቅን፣ ኢንተርኔቱ መጣ። "አሁን መጣ፣ ምክንያቱም ረቡዕ አስቀምጬዋለሁ" አልኩት። ከዚያ ስዊቹን ወደ ሰኔው ቁጥር መለስኩት። ኢንተርኔቱ ጠፋ። "ይኼውልህ ማክሰኞ የሆነው። ጆንያው ላይ ምልክቱን ሳልጽፍ መኪናውን ሰደድኩት። አሁን ማንም ግንድ አልተከለም፣ ማንም ኬብል አልነካም።" መልሼ አስተካክዬ አስቀመጥኩ።

"ረቡዕ ለምን አልነገርሽኝ?" አለ።

"አፍሬ።"

ብዕሩን አሽከረከረ። እሱም የሚናገረው ነበረው፤ እንደዚህ ያለ ነገር ከመላኩ አልጠበቅሁም። "የቆርቆሮ ቤቲቱን ለሩዝ ማከማቻ ፈልጌያት ነበር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ። እናቴ እንቢ ትለኝ ስለነበር ነው እንጂ። ሰበብ ነው የሰጠሽኝ።" የእናቱን ቃል ነገርኩት። አልተደሰተም። "እሺ፣ እነሱስ ይቀመጡ። የአንቺን ነገር ግን እናቴ ስትወርድ እናየዋለን" አለ። ክፍሌን ማለቱ ነው። እውነት አለው። ዋሽቼ ሰው ላስወጣ ነበርና እኔ ብወጣ ማን ያዝንልኛል?

ከዚያ ገበያ። እትዬ ጠጂቱ ወደ ይፋግ አልሄዱም። አብረን ሄድን ማለት አልችልም፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ አራት ድስት ተሸክሜ ከኋላ። ካፊያ እየጣለ ጭቃው ላይ ጆንያ ዘርግተው ተቀመጡ፣ እኔም አጠገባቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልቀረበም። ሰው ሩቅ ሆኖ ያየናል፣ ይሳሳቃል፣ ያልፋል። ተማሪዎቼም አለፉ። "ደኅና ዋሉ መምህር" እያሉ፣ ዓይናቸው ድስቱ ላይ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት ቆመች። የሽንኩርት ሻጯ ጎረቤት ናት፤ ሐሙስ ዕለት ስትሰማ የነበረችው። ድስት አንስታ በጣቷ አንኳኳች። ጥሩ ድምፅ ሰጣት። ከዚያ እትዬ ጠጂቱን እንደሌሉ ቆጥራ ለእኔ "መምህርት፣ ሽቦሽን ከበሉት ሰዎች ጎን ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ።

 ሌሎችም ለመስማት ቆም አሉ።

"ሽቦውን የበላሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "እሳቸውም ባለቤታቸውም አልነኩትም። መሥራት የነበረብኝን ሥራ ረስቼ፣ ሲበላሽ በሰው አሳበብኩ። በእነሱ ላይ የሰማሽው ከእኔ የወጣ ውሸት ነው። ለነገረሽ ሰው እንዲህ አለች ብለሽ ንገሪ።"

ሴትዮዋ ድስቱን እንደያዘች አየችኝ። እትዬ ጠጂቱ መሬት መሬቱን ያያሉ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። "አስተማሪ ሆነሽ?" አለች ሴትዮዋ።

"አስተማሪ ሆኜ።"

ድስቱን አልገዛችም። መልሳ አስቀመጠችው፤ ግን በቀስታ፣ እንዳይሰበር ተጠንቅቃ። ወዲያው ሌሎች መጡ፤ ድስት ሊገዙ ሳይሆን ያቺን መምህርት ሊሰሙ። እንደገና አልኩት። እንደገና። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም፤ በመጨረሻ ላይ ማፈሩ ራሱ ደከመው። ከስምንቱ ድስት ሦስቱ ተሸጡ። አምስቱን ተሸክመን ተመለስን። በመንገድ እትዬ ጠጂቱ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።


እሑድ፣ ነሐሴ 12

ከቅዳሴ መልስ ተኛሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ወገቤ ይጠዘጥዘኛል። ዝናብ ጥሎ አባራ። ነገ ቡሄ ነው፤ ልጆቹ ጅራፋቸውን ከዛሬው ይሞክራሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።  ማስቀመጤን አውቃለሁ፣ መላኩ ፊት አስቀምጬዋለሁ፣ ሆኖም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ሆኜ ቆየሁ። ካልመጣስ? በዚህ ሰዓት ደግሞ ማን ላይ ይሳበባል?

መብራት መጣ። የስዊቹ ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ አለችና ረጋች። ኢንተርኔቱ መጣ።

 ከዚያ ከቆርቆሮዋ ቤት የጋሽ ይርጋ ድምፅ ተሰማ። "መምህርት፣ አስቀምጠውት ነበር?"

ሳቄ መጣ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፤ ግን እንባም ነበረበት። "አስቀምጬዋለሁ ጋሽ ይርጋ" አልኩ በመስኮት።

"ደግ" አሉ።

ይቅር ብለውኛል ማለት አይደለም። እንደዚያ ብዬ እንዳልጽፍ እየተጠነቀቅሁ ነው። እማማ አልጋነሽ ሲወርዱ ስለ ክፍሌ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሁለት ሴቶች እትዬ ጠጂቱን ሲያዩ ልጆቻቸውን ወደ ነጠላቸው ሥር ሲያስገቡ በዓይኔ አየሁ። ትላንት ገበያ ላይ ያልኩትን አልሰሙ ይሆናል። ወይ ሰምተው አላመኑ ይሆናል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ጠጂቱ ናቸው። ይግቡ ብላቸውም አልገቡም። ከዓርብ ወዲህ የተናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነው፦

"ወሬው የዞረ በሁለት ቀን ነው። የሚመለሰው በአንድ ገበያ አይዶለም።"

"አውቃለሁ" አልኳቸው።

"ለሚቀጥለው ቅዳሜም ትቀመጫለሽ። ከዚያም ለሌላው።"

"እሺ።"

ትንሽ ቆሙና "ጃንጥላ ያዥ፤ ትላንት በስብሰሻል" ብለው ሄዱ።

ጃንጥላዬ አንድ ዘንጉ ተሰብሯል። ነገ ጋሽ ይርጋን እንዲጠግኑልኝ እጠይቃቸዋለሁ፤ ካላፈርኩ።